ባለጠጉር እንቡጥ ቢጫ ጽጌረዳን በጓሮ ማልማት
(ለላስታ ደጋና ወይና ደጋ አትክልተኞች የተዘጋጀ)

መግቢያ

ገነት ማለት በግዕዝ የአትክልት ሥፍራ ማለት ነው። ከላሊበላ በስተምሥራቅ የምትገኘው ገነተ ማርያም ስሟን የወረሰችው ከአንድ ወጥ አለት ከተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኗ በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285) እንደታነጸች ይነገራል። በዚህ አካባቢ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም። በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ጊዜም ወርኃ ጽጌ ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ይታሰባል። ስለዚህ በቤቱ ደጃፍ አንድ ሁለት እግር ጽጌረዳ ማየት የሚመኝ ሰው ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ በላስታ ጽጌረዳ ማልማት ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው በክረምት የሚበዛው ዝናብ በቅጠሉ ላይ የሚያመጣው በሽታ ነው። ሁለተኛው በበጋ የሚጠይቀው ውሃ ነው፤ ይህም ውሃ በአብዛኛው ከምንጭ በሰው ጀርባ የሚመጣ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ችግሮች አስቀድሞ አውቆ፣ ጥቂት እግር ብቻ ተክሎ፣ ለረጅም ዓመት የሚያብብ ጽጌረዳ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

1. ተክሉ ምን ዓይነት ነው?

ባለጠጉር እንቡጥ ጽጌረዳ በውጭ አገር «ሞስ ሮዝ» ይባላል። ከሌላው ጽጌረዳ የሚለየው እንቡጡን በሚሸፍኑት አረንጓዴ ቅጠሎችና በእንቡጡ አንገት ላይ ጠጉር የመሰለ ለስላሳ ነገር ስለሚያበቅል ነው። ይህ ጠጉር ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሲያሹትም እንደ ሙጫ ያለ ደስ የሚል ሽታ ይሰጣል። ተክሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ጠጉሩን ሻጋታ ወይም በሽታ መስሎት ሊፍቀው ወይም እንቡጡን ቆርጦ ሊጥለው ይችላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ጠጉሩ የተክሉ ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም። በሽታ ከሆነ ነጭ ዱቄት ይመስላል፣ በጣት ሲጠርጉት ይለቃል፣ ቅጠሉንም ያጨማድዳል።

ይህ ዓይነት ጽጌረዳ የተገኘው በአውሮፓ ነው። በ17ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ ገደማ፣ ብዙ ድርብ ቅጠል ባለው ሮዝማ ጽጌረዳ ላይ በድንገተኛ የተፈጥሮ ለውጥ ጠጉራም እንቡጥ ያለው ቅርንጫፍ ወጣ። ከዚያም ሰዎች ቅርንጫፉን እየቆረጡ አራቡት። የጥንቶቹ ዓይነቶች ሮዝማ፣ ቀይ ወይም ነጭ ነበሩ፤ ቢጫ አልነበረም። ቢጫው መልክ የመጣው ከፋርስ ቢጫ ጽጌረዳ ነው። ፐርኔ ዱሼ የተባለ የፈረንሳይ አትክልተኛ ይህን የፋርስ ተክል ከሌላ ጽጌረዳ ጋር አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1900 ለገበያ አቀረበ። ከዚህ መሥመር ከወረዱት ቢጫ ጽጌረዳዎች አንዱን ከባለጠጉሩ ዘር ጋር በማዳቀል፣ ፔድሮ ዶት የተባለ የስፔን አትክልተኛ እ.ኤ.አ. በ1932 «ጎልደን ሞስ» የተባለውን ቢጫ ባለጠጉር ጽጌረዳ አወጣ።

ይህ ታሪክ ለአትክልተኛው የሚጠቅም ትምህርት አለው። የፋርሱ ተክል ቢጫ መልኩን ብቻ አላወረሰም፤ በቅጠል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ለሚያመጣው በሽታ የመጋለጥ ድካሙንም አውርሷል። ስለዚህ ቢጫ ጽጌረዳ የሚተክል ሰው ቀይ ከሚተክለው ይልቅ በክረምት መጠንቀቅ አለበት።

ማስታወሻ፦ በመሬት ላይ የሚነጠፍ፣ ወፍራምና ውሃ የቋጠረ ቅጠል ያለው ሌላ የአበባ ተክል በውጭ አገር በዚሁ በ«ሞስ ሮዝ» ስም ይጠራል። እርሱ ጽጌረዳ አይደለም። ዘር ወይም ችግኝ ሲገዙ እንዳይሳሳቱ ይጠንቀቁ።

2. የአገራችን ጽጌረዳ፣ ቀጋ

ስለ ውጭው ተክል ከማውራት በፊት በእጅ ያለውን ማወቅ ይገባል። በላስታ በየገደሉ አፋፍ፣ በየአጥሩና በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚበቅለው ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ ነው። ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛው የጽጌረዳ ወገን እርሱ ነው። የዕፀዋት ሊቅ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ስለ ጽጌረዳ ባወጣው መጽሐፍ ቀጋን በሐበሻ ስም መዝግቦታል።

የቀጋ አበባ ነጠላና ነጭ ሲሆን መዓዛ አለው። ፍሬው ሲበስል ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይለወጣል፣ ይበላልም። የጽጌረዳ ፍሬ ቫይታሚን ሲ በብዛት እንዳለው የታወቀ ነው። በውስጡ ያለው ጠጉር ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ግን ፍሬው ተከፍሎ ጠጉሩና ዘሩ ተጠርጎ መበላት አለበት። በችግር ዘመን እረኛውም ቤተሰቡም ከዱር ከሚለቅሙት ፍሬ አንዱ ቀጋ ነው።

ለንብም ቢሆን ቀጋ ይሻላል። በድርቡ ጽጌረዳ ውስጥ ጽጌ ብናኝ የሚሰጡት ክሮች በአብዛኛው ወደ አበባ ቅጠልነት ስለተለወጡ ንቧ የምታገኘው ጥቂት ነው። የቀጋ አበባ ግን ክፍት ስለሆነ ንቧ በቀላሉ ትቀስማለች። ስለዚህ ለውጭው ጽጌረዳ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል በአጥር ላይ ያለ ቀጋ መቆረጥ የለበትም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ።

3. የአየር ጠባይና የቦታ መረጣ

የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ መካከል ያለው የወይና ደጋና የደጋ መሬት ለጽጌረዳ ይስማማል፤ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በመሆኑ አበባው ቶሎ አይረግፍም። ቦታ ሲመረጥ የሚከተሉት ነጥቦች መታየት አለባቸው።

ሀ) የጠዋት ፀሐይ፦ ቦታው ወደ ምሥራቅ የተከፈተ ይሁን። የሌሊቱ ጤዛና ዝናብ በቅጠሉ ላይ ቶሎ ከደረቀ በሽታው አይስፋፋም። ተክሉ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለበት።

ለ) የውርጭ መውረጃ፦ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። በሸለቆ ግርጌ ወይም ከታች በኩል በድንጋይ ካብ በተዘጋ ጓሮ ውስጥ ውርጭ ይተኛል። ስለዚህ ከተቻለ ተዳፋት ይመረጥ፤ ካብ ካለም በታችኛው በኩል የአየር መውጫ ይተው።

ሐ) ከባሕር ዛፍ መራቅ፦ የባሕር ዛፍ ሥር ውሃውን ስለሚሻማ ጽጌረዳው ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ።

መ) ከእንስሳት መከላከል፦ ፍየል የጽጌረዳን እሾህ አትፈራም። ተክሉ ከመተከሉ በፊት አጥሩ መጠናቀቅ አለበት።

4. የጉድጓድ ዝግጅት

ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈራል። ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም እንዲሁ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛው አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይከመራል። በላይኛው አፈር ላይ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ ሁለት እጅ አፈር በአንድ እጅ ፍግ ሒሳብ ይደባለቃል። ያልበሰለ ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። አመድም ጥቂት ቢጨመር ጉዳት የለውም፤ ከበዛ ግን ጽጌረዳው ቅጠሉ ይገረጣል።

መሬቱ ዋልካ ከሆነ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆንና ሥሩ ይበሰብሳል። ይህን ለማወቅ ጉድጓዱን ውሃ ሞልቶ ማየት ነው። በማግሥቱ ውሃው ካልሰረገ ቦታውን መለወጥ ወይም አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በመደብ መልክ ከፍ አድርጎ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ደግፎ መትከል ይሻላል።

በእግርና በእግር መካከል ያለው ርቀት ከ1 ሜትር ተኩል ማነስ የለበትም። ቁጥቋጦው ሲሰፋ ቅጠል ከቅጠል ከተነካካ አየር አይገባም፣ ቅጠሉ ሳይደርቅ ይውላል።

5. ችግኝ ስለማግኘትና ስለማራባት

ባለጠጉሩ ቢጫ ጽጌረዳ በአገር ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የእርሻ መሥሪያ ቤትን ፈቃድና ችግኙ ከተነሣበት አገር የተሰጠ የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። በሻንጣ ተደብቆ የሚገባ ችግኝ አዲስ በሽታ ይዞ ሊመጣና ቀጋችንን ሊጎዳ ይችላል። ችግኙ እስኪገኝ ድረስ በአካባቢው ያለን ማንኛውንም ቁጥቋጦ መሰል ቢጫ ጽጌረዳ በዚሁ መመሪያ ማልማት ይቻላል። ከትላልቅ የአበባ እርሻዎች የሚወጣው ጽጌረዳ ግን በፕላስቲክ ቤት ውስጥ እንዲያድግ የተመረጠ ስለሆነ በደጅ እንደዚያው ያፈራል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብቡት የጥንት የአውሮፓ ዓይነቶች ከማበባቸው በፊት ረጅም ብርድ ይፈልጋሉ። በእኛ አገር ቅጠል እያበዙ አበባ ሊነፍጉ ይችላሉ። ስለዚህ እየደጋገመ የሚያብበውን ዓይነት መምረጥ ይሻላል።

በቁራጭ ማራባት፦ በዓመቱ ካበበ ቅርንጫፍ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ይወሰዳል። ከታች ከዓይኑ ሥር፣ ከላይ ከዓይኑ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ቀርቶ ሌላው ይነሣል። ሁለት ሦስተኛው በአሸዋማ አፈር ውስጥ ገብቶ በጥላ ሥር በእርጥበት ይቆያል። ቢጫ ዓይነቶች በዚህ መንገድ ሥር ለማውጣት ስለሚያስቸግሩ ከሚፈለገው በላይ ብዙ ቁራጭ መትከል ይገባል።

ዓይን በማጣበቅ ማራባት፦ ይህ የቢጫውን ዓይን ከሌላ ጽጌረዳ ግንድ ቅርፊት ሥር አስገብቶ ማሰር ነው። ጊዜው ቅርፊቱ በቀላሉ የሚላቀቅበት መስከረም ነው። ተቀባዩ ግንድ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ እንደ «ቲ» ፊደል ይሰነጠቃል፤ ዓይኑ በስለታም ቢላዋ ከጥቂት ቅርፊት ጋር ተነሥቶ ይገባል፤ ከዚያ ዓይኑን ሳይሸፍኑ በቀጭን ፕላስቲክ ይታሰራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓይኑ አረንጓዴ ከሆነ ይዟል፤ ከጠቆረ አልያዘም።

ቀጋን ተቀባይ ግንድ አድርጎ መሞከር ይቻላል፤ አፈሩንና ድርቁን የለመደ ነውና። ነገር ግን ሁሉም ዘር ከሁሉም ጋር እኩል ስለማይስማማ በመጀመሪያ በሦስት ወይም በአራት እግር ብቻ ሞክሮ፣ ሁለት ዓመት አይቶ፣ ከዚያ መጨመር ይገባል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ቀጋ ከአጥር ላይ በቁራጭ ይፈላ እንጂ ከተራራው ወይም ከቤተ ክርስቲያን ደን ተነቅሎ አይምጣ።

6. አተካከል

መሬቱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሲርስ፣ ይኸውም በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ፣ ይተከላል። ሥሩ ሳይጠቀለል በጉድጓዱ ውስጥ ይዘረጋል። አፈሩ በእግር ቀስ ብሎ ይጠቀጠቃል። ችግኙ ዓይን የተጣበቀበት ከሆነ መጋጠሚያው ከአፈሩ በላይ ይታይ።

ብዙ ሰዎች «ቢጫው ጽጌረዳዬ ከጊዜ በኋላ ነጭ ሆነብኝ» ይላሉ። ተክሉ መልኩን ለውጦ አይደለም። ከመጋጠሚያው በታች የተቀባዩ ግንድ ቡቃያ ወጥቶ፣ በርትቶ፣ ቢጫውን አድርቆት ነው። ስለዚህ ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣ ቡቃያ ገና ለጋ ሳለ፣ አፈሩ ተገለጥ ተደርጎ፣ ከሥሩ ተገንጥሎ መነሣት አለበት። በመቀስ ከላይ ብቻ ከተቆረጠ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።

7. የውሃ አሰጣጥ

ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጥ በጥንቃቄ ይነበብ። አንድ እግር ቁጥቋጦ ጽጌረዳ በበጋ በሳምንት 10 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ይህም የአንድ ጀሪካን ግማሽ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት 30 ሳምንት አለ። ስለዚህ አንድ እግር በአንድ በጋ 300 ሊትር፣ ማለት 15 ጀሪካን ውሃ ይጠጣል። ስድስት እግር የተከለ ሰው 90 ጀሪካን ያስፈልገዋል። ይህን ውሃ ዳገት ወጥታ የምትቀዳው እናት ወይም ትምህርት ቤት መድረስ ያለባት ልጅ ከሆነች አበባው ውድ ነው። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ በጓሮው የሌለው ቤተሰብ ከሁለት እግር በላይ እንዳይተክል እንመክራለን። በደንብ የተያዘ ሁለት እግር ከተራበ ስድስት እግር የበለጠ አበባ ይሰጣል።

ውሃን ለመቆጠብ የሚከተሉት ዘዴዎች ይጠቅማሉ።

ሀ) እህልና አትክልት የታጠበበት፣ እጅ የታጠቡበትና በረኪና ያልገባበት የመጨረሻ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ለጽጌረዳ ይበቃል። ጨውና ቅባት ያለበት የዕቃ እጣቢ ግን አይሰጥ።

ለ) ውሃው በሳምንት አንድ ጊዜ በአንድ ላይ፣ በማታ፣ በግንዱ ዙሪያ በተሠራ ጎድጓዳ ውስጥ ይፈስሳል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ያም ሥር ፀሐይ ሲበረታ ይደርቃል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ሳምንታዊው ውሃ ለሁለት ጊዜ ይከፈል።

ሐ) አፈሩን መሸፈን ትነትን ይቀንሳል። ገለባ ለከብት ስለሚያስፈልግ በምትኩ ጠፍጣፋ ድንጋይ በግንዱ ዙሪያ መደርደር ይቻላል። ድንጋይ በላስታ አይጠፋም፤ በሥሩ ያለው አፈርም ርጥበቱን ይዞ ይቆያል።

መ) ለወጥ ያልዋለ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ከተክሉ አጠገብ እስከ አንገቱ ቀብሮ ውሃ መሙላትና መክደን ነው። ውሃው በሸክላው እየሰረገ ለሥሩ ይደርሳል። ቅባት የጠጣ ድስት ግን ውሃ ስለማያሰርግ ለዚህ አይሆንም።

8. አገራረዝ

በመጀመሪያው ዓመት የደረቀና የተሰበረ ከማንሣት በቀር አይገረዝም። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ዝናቡ ጨርሶ ሲያቆም፣ ይገረዛል። የደረቀ፣ የታመመና ወደ ውስጥ የሚያድግ ቅርንጫፍ ከሥሩ ይነሣል። የቀረው ከቁመቱ ሲሶው ይቆረጣል። መቁረጫው ስለታም ይሁን፤ ቁርጡም ወደ ውጭ ከሚመለከት ዓይን በላይ፣ ውሃ እንዲያንሸራትት ዘንበል ብሎ ይቆረጥ። በዚህ ጊዜ የተገረዘ ተክል እንደ ቅዝቃዜው መጠን በሁለት ወር ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ስለሚያብብ ለልደት በዓል ሊደርስ ይችላል።

ለወርኃ ጽጌ እንዲያብብ በማሰብ በሐምሌ ወይም በነሐሴ መግረዝ ግን አይመከርም። በዝናብ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ቁስሉ ሳይደርቅ ስለሚቆይ በሽታ ይገባበታል።

ቅጠል እያበዛ አበባ የሚነፍግ ቁጥቋጦ ካለ ከመቁረጥ ይልቅ ረጃጅም ቅርንጫፎቹን ቀስ ብሎ ጎንበስ አድርጎ ከችካል ጋር ማሰር ነው። ቅርንጫፉ ሲጋደም በጫፉ ብቻ የነበረው እድገት ወደ ጎን ዓይኖች ይከፋፈልና አበባው ይበዛል።

9. በሽታና ተባይ

ጥቁር ነጠብጣብ፦ የቢጫ ጽጌረዳ ዋና ጠላት ነው። በቅጠሉ ላይ ጠርዙ የተቦጫጨረ ጥቁር ክብ ይወጣል፤ ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ቅጠሉ ይረግፋል። የበሽታው ዘር ቅጠል ለመያዝ ቅጠሉ 7 ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በሐምሌና በነሐሴ ይህ የሌት ተቀን ነገር ስለሆነ በሽታውን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። በየሳምንቱ የታመመውን ቅጠል ለቅሞ፣ የረገፈውንም ጠርጎ ማቃጠል ወይም በጥልቅ መቅበር ነው። ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣል። የታችኛው ቅርንጫፍ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢጸዳ የዝናብ ፍንጣሪ ከአፈር ወደ ቅጠል አይደርስም።

ዱቄት መሰል በሽታ፦ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሚሆንበት ከመስከረም በኋላ ይመጣል። ለጋው ጫፍ ይቆረጥ። ከበረታ የድኝ ዱቄት በጠዋት ወይም በማታ ይነፋበታል፤ በቀትር ሙቀት ድኝ ቅጠል ያቃጥላል።

ክሽክሽ፦ በለጋ ጫፍና በእንቡጥ አንገት ላይ ይሰበሰባል። በባለጠጉሩ ጽጌረዳ ላይ በጠጉሩ መካከል ስለሚደበቅ እንቡጡን አዙሮ ማየት ያስፈልጋል። በውሃ ኃይል ማጠብ ወይም በአንድ ሊትር ውሃ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ሳሙና በጥብጦ መርጨት ይበቃል። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሽን ስለምትበላ አትገደል። ለእህል የተገዛ ፀረ ተባይ መድኃኒት በአበባ ላይ መርጨት ፈጽሞ አይገባም፤ ንብ ይፈጃል፣ ማርም ያጠፋል።

ውርጭ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ንፋስ ባልነፈሰበት ሌሊት ለጋውን ጫፍ ያጠቁረዋል። ማታ በጆንያ ሸፍኖ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መግለጥ ነው።

10. የዓመቱ ሥራ በአጭሩ

ግንቦት፦ ጉድጓድ መቆፈር፣ ፍግ ማዘጋጀት፣ አጥር ማጠናቀቅ።
ሰኔና ሐምሌ፦ መትከል፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ማበጀት።
ሐምሌና ነሐሴ፦ የታመመ ቅጠል በየሳምንቱ መልቀም።
መስከረም፦ መኮትኮት፣ በእግር አንድ ባልዲ የበሰለ ፍግ መጨመር፣ ዓይን ማጣበቅ።
ጥቅምት፦ መግረዝ፣ በግንዱ ዙሪያ ድንጋይ መደርደር።
ከኅዳር እስከ ጥር፦ ውርጭ መከላከል፣ ውሃ መጀመር።
ከየካቲት እስከ ግንቦት፦ ውሃ መስጠት፣ ክሽክሽ መመልከት፣ የጠወለገ አበባ መቁረጥ።

ማጠቃለያ

ባለጠጉሩ ቢጫ ጽጌረዳ በላስታ ሊያድግ የሚችል ተክል ነው። የሚፈልገው የጠዋት ፀሐይ፣ ውሃ የማይተኛበት አፈር፣ በክረምት የጸዳ ቅጠልና በበጋ ሳይቋረጥ የሚሰጥ መጠነኛ ውሃ ነው። ከመትከል በፊት ግን እያንዳንዱ አትክልተኛ ሁለት ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ። ውሃውን ማን ይቀዳል? ቦታውንስ ለማስለቀቅ የሚቆረጠው ምንድን ነው? ውሃው ከቤት እጣቢ የሚገኝ ከሆነ፣ በአጥሩ ላይ ያለው ቀጋም ሳይነካ የሚቆይ ከሆነ፣ ሁለት እግር ጽጌረዳ ለማንም ቤት ሸክም አይሆንም። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልግ በአካባቢው ያለውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ማነጋገር ይችላል።